ሁለት «ተራ» በአንድ ገጽ

ሪያድ ውስጥ ሐበሻን ከሚያጣላ ነገር ሁሉ የተጓዥ ኪሎን የሚያህል የለም። ወደ አገር የሚገባ ሰው ሻንጣው ቦታ ከተረፈው የሌላ ሰው ዕቃ ይይዛል፤ ጠቡ ማን ይቅደም የሚለው ላይ ነው። መንሱራ በሚባለው ሰፈር ሞባይል የሚጠግነው፣ ሃያ ዓመት የማውቀው ጓደኛዬና እኔ ይህን የሚዳኝ ድረ ገጽ ሠራን። እኔ የምኖርበትን የሺፋ ሰፈርን ወረፋ ጻፍኩ፤ እሱ ቆየት ብሎ የመንሱራን በሌላ ፋይል ጨመረ።

የእናቴ የዓይን ጠብታ በሺፋው ወረፋ ሦስተኛ ነበር። ካቋረጠችው ዓይኗ እንደሚጠፋ ሐኪሙ ነግሯታል፤ እሷ ባለችበት አገር ቤት ደግሞ አይገኝም። ገጹን የሠራሁ ሰው ሆኜ ራሴን ላስቀድም አልፈለግኩም። እንዲህ ያለው ጨዋነት የሚያምረው በሌላ ሰው እናት ላይ ነው።

ሁለት ተጓዦች ሄዱ። ሦስተኛዋ የሺፋ ልጅ ነበረችና ተራዬ ደርሷል ብዬ ጠብታውን ላመጣላት ደወልኩ።

«ጋሼ፣ የእርስዎ እኮ ዝርዝሩ ላይ የለም። የመንሱራ ሰዎች ዕቃ ይዤ ሻንጣዬን ዘጋሁ።»

«የሺፋውን ነው ያየሽው?»

«የሺፋውን። የሺፋ ሰው ግን አንድም የለበትም። ሰፈሩ ተራችንን ሸጠብን ብሎ ያማዎታል፣ አልሰሙም?»

ፋይሌን ቤቴ ብቻውን ስከፍተው ሁልጊዜ ልክ ነበር። ስለዚህ የነካው ጓደኛዬ ነው ብዬ መንሱራ ሄድኩ።

«ሸጥከኝ» አልኩት።

«ያላ፣ እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በል። ኮዱን ራስህ አንብበው። አንዲት ፊደልህን አልነካሁም።»

እውነቱን ነበር። እኔ ዝርዝሬን ከፋንክሽን፣ ማለትም የውስጡን ለብቻው ከሚይዝ የኮድ ክፍል፣ ውጭ «ቫር» በሚባል ማወጃ ቃል ጽፌ «ተራ» ብዬዋለሁ፤ እሱም የራሱን እንደዚያው። ብራውዘር ለአንድ ገጽ የሚሰጠው የጋራ ቦታ አንድ ነው። ከፋንክሽን ውጭ የተጻፈ ግሎባል ተለዋዋጭ እዚያ ይቀመጣል፤ በገጹ ላይ ያለ ፋይል ሁሉ ያነበዋል፣ ይለውጠዋል። የእሱ ፋይል ከእኔ በኋላ ስለሚጫን የእሱ «ተራ» የእኔን ተካው። ሁለታችንም «ሌት» በሚባለው ሌላ ማወጃ ቃል ጽፈን ቢሆን ብራውዘሩ ስሙ ተይዟል ብሎ ይጮህ ነበር። በ«ቫር» ግን ዝም ይላል። የጋራ የሆነ ሁሉ መልካም ነው ለሚሉኝ ሰዎች ከዚያ ወዲህ መልስ አላጣሁም።

«ይቅር በለኝ፣ በከንቱ ጠረጠርኩህ» አልኩት።

«ኸላስ፣ አለቀ ወንድሜ። እኔም መጀመሪያ ሳየው ደንግጬ ነበር።»

«መቼ አየኸው?»

የያዘውን ስልክ ብሎን ማጥበቅ ጀመረ። «ከመጀመሪያው ተጓዥ በፊት። የእኛ ሰዎች ዕቃ ተከማችቶ ነበር። ቀለል ሲል እነግረዋለሁ ብዬ ነው።»

«የእናቴ ጠብታ እዚያ እንዳለ ታውቅ ነበር።»

«እኔ ምን አደረግኩ? ያደረገው ብራውዘሩ ነው።»

እዚያው ቁጭ ብዬ ዝርዝሬን ፋንክሽን ውስጥ አስገባሁት። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ጓደኛዬ ካየው ወዲህ ስድስት ሳምንት ሙሉ የነፈገኝ ይህችን አንድ ደቂቃ ነው።

ቀጣዩ ተጓዥ የሚሄደው ከሃያ ቀን በኋላ ነው። እናቴ ስትጠይቀኝ ኮምፒዩተሩ ተሳስቶ ነው አልኳት።

«ታዲያ ያ ጓደኛህ አያስተካክልልህም?» አለች። «እሱ እኮ ለእኔም ልጄ ነው።»