ከአባቴ የወረስሁት ዝምታ

ከፍኖተ ሰላም የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ ነው። ታላቅ ወንድሜ አዱኛ ሻንጣዬን አውቶቡሱ ጣራ ላይ አስሮ ወረደና፣ ስትደርሺ ደውዪ ብሎኝ ፊቱን አዞረ። አባታችንን ከቀበርን ዓመት አልሞላንም ነበር።

አባቴ ጅጋ አጠገብ የሚያርሱ፣ ጨዋታ የሚወዱ ሰው ነበሩ። ልባቸው ታመመ። መድኃኒቱ የእግራቸውን እብጠት ሲያጎድለው እኛ ዳኑ ብለን ደስ አለን፤ እሳቸው ግን እህል ጠሉ፣ ሰው ጠሉ፣ በሬያቸው ሲሸጥ እንኳ ቀና ብለው አላዩም። ጠበል ወሰድናቸው። በመጨረሻ የልብ መድኃኒቱንም መዋጥ ተዉና ሞቱ።

የሱዳንን ንዳድ፣ ሰው የሚበላውን ባሕር አልፌ ጀርመን ገባሁ። እዚህ ዝናቡ እንደ ቡሬ ክረምት አይጮህም፤ ዝም ብሎ ያበሰብሳል። ዳቧቸው ጥቁርና ኮምጣጣ ነው፤ እንጀራ እንጀራ ይለኛል ብዬ ገመጥሁት፣ አላለኝም።

ከዚያ የእኔም ልብ ታመመ። የተደረገልኝ ቀዶ ሕክምና ተሳካ ተባለ፤ እኔ ግን ከአልጋ መነሣት አቃተኝ። አከራዬ ፍራው ሄልጋ አንድ ቀን በሬን አንኳኩታ፣ እንዳንቺ ያለ ተከራይ አይቼ አላውቅም፣ ኮቴሽ እንኳ አይሰማም ብላ አመሰገነችኝ። እግሬን መሬት ካስነካሁ ስንት ጊዜዬ! ከተኛሁበት ሆኜ፣ ዳንከ፣ አመሰግናለሁ አልኋት።

ለቀጠሮዬ እንደ ምንም ብዬ ስሄድ፣ ሐኪሟ በአስተርጓሚ፣ ከቤተሰብሽ እንዲህ የሆነ ሰው ነበር ወይ አለችኝ። ስለ አባቴ ነገርኋት። የልብ ሕመም ራሱ ድብርት እንደሚያመጣ፣ በአንዳንድ ቤተሰብ ደግሞ ለድብርት መጋለጥ ከወላጅ እንደሚወረስ አስረዳችኝ።

«የአባትሽ ጥፋት አይደለም፤ ያንቺም አይደለም። የወረሰ ሁሉም አይታመምም፤ የታመመም ይታከማል» አለች።

ይታከማል ስትል ነው ያለቀስሁት።

ባለፈው እሑድ ቤት ደወልሁ። እማዬ፣ አዱኛን ሐኪም ቤት ልብህን ታመሃል ብለውታል፣ ከዚያ ወዲህ ከቤት አይወጣም አለችኝ። አቅርቢልኝ አልኋት። ሐኪሟ ያለችውን ሁሉ ነገርሁት። ሰምቶ ሲጨርስ፣

«ታዲያ ለአባባ ለምን ማንም አልነገራቸው?» አለኝ።

በእመብርሃን ይዤሃለሁ፣ ነገውኑ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ሂድ፣ ድብርቱንም ንገራቸው ብዬ ለመንሁት።

«እሺ፤ ብቻ ጤፉን ልጨድ» አለኝ።

እማዬ ስልኩን ተቀበለችውና ወደ ውጭ ወጣች መሰለኝ፣ ነፋሱ ይሰማኝ ነበር።

«ልጄ፣ ጤፉን እኮ ጎረቤት አጭዶ ከከመረልን ሰነበተ» አለችኝ።