ራህማ ተረቱን ያቋረጠችበት ምሽት

ልጅ ሳለሁ፣ ካርቱም ውስጥ ዴም በሚባለው ሰፈር፣ ተከራይ በበዛበት አንድ ግቢ ከአባቴ ጋር እኖር ነበር። እናቴ ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ ከነልጁ ሞታለች። አባቴ ራክሻውን ይዞ ማለዳ ይወጣና ተሳፋሪ ሲያመላልስ ውሎ ማታ ደክሞት ይመለሳል፤ ደግ ሰው ነበር፣ ግን ሴት ልጅን ምን ብሎ እንደሚያናግር አያውቅም።

ስለዚህ ምሽቴ የራህማ ነበር። ራህማ የወሎ ልጅ ናት፤ እናቷ አገር ቤት ሞታባት ከአክስቷ ጋር የመጣች፣ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። ቀን ሪያድ ሰፈር በሰው ቤት እየሠራች ማታ ግቢያችን ትመለሳለች። የግቢያችን ልጅ ሰሚራም አለች፤ በዕድሜ ከእኔ ትንሽ የምታንስ፣ እናቷ ለሥራ ቤይሩት ሄዳ ድምፅዋ በስልክ ብቻ የሚሰማ።

መብራት ሲጠፋ፣ በሙቀቱ ወራት ደግሞ የማይጠፋበት ምሽት ጥቂት ነበር፣ ራህማ የከሰል ምድጃዋን ወደ ግቢው ታወጣና ለትንኙ ብላ እርጥብ የኒም ቅጠል ትጨምርበታለች። መራራው ጢስ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ ፍሙ ፊቷን ከሥር እያቀላው፣ የሰሚራ ራስ ጭኔ ላይ እንዳለ፣ ተረት ትነግረን ነበር። የእኔ አማርኛ ዐረብኛ የተቀላቀለበት ስለነበር «ያላ፣ ቀጥይ» ስላት «ቀጥይ ብቻ ይበቃል» እያለች ታርመኛለች።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀሚሴ ላይ ደም አየሁ። እናቴ በሞተች ጊዜ ሴቶቹ «ደም ፈሷት ነው» ሲሉ ሰምቼ ነበርና የእኔም ቀን የደረሰ መሰለኝ። ቀሚሴን አጥቤ ደበቅሁት። አባቴን ብቻውን ጥዬው ልሄድ ነው እያልኩ አለቀስኩ፤ ለማን እንደምናገር ግን አላወቅሁም።

ያን ምሽት ራህማ እናታቸውን ጭልፊት ስለወሰደባቸው የቆቅ ጫጩቶች ትነግረን ጀመር። እኔ ራቅ ብዬ ግድግዳ ተደግፌ ተቀመጥኩ። ሰሚራ ልትጠጋኝ ስትል ገፋኋት፤ ከዚያ በፊት ገፍቻት አላውቅም። ራህማ ይህን አይታ ተረቱን አቋረጠች፤ መጥታም አጠገቤ ቁጭ ብላ ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። መጀመሪያ «ምንም አልሆንኩም» አልኳት። ኋላ «እንደ እማ ልሞት ነው» ብዬ ሁሉንም ነገርኳት።



«አትሞቺም» አለችኝ። «ይሄ የሁላችንም ነው። እኔ ሲመጣብኝ የሚነግረኝ አጥቼ፣ ከብት በረት ገብቼ ብቻዬን አልቅሻለሁ። አንቺ ብቻሽን አታለቅሺም።»

ክፍሏ አስገብታ፣ ንጹሕ ነጠላ ቀድዳ፣ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ እንዴት እንደሚታጠብ፣ ፀሐይ ላይ መሰጣት እንዳለበት በፋኖስ ብርሃን አሳየችኝ። ሰሚራንም ጠርታ የአንቺም ጊዜ ይመጣልና እይ አለቻት። ከዚያ ተመልሰን ተረቱን ካቆመችበት ቀጠለች። ብርዱ ሲጸናባቸው ጫጩቶቹ አንድ ነገር አወቁ፤ የገዛ ጀርባቸውን የማትሸፍነው ትንሽ ክንፋቸው የእህታቸውን ጀርባ ትሸፍናለች። ሰሚራ እናታቸው ተመለሰች ወይ ብላ ጠየቀች። ራህማ ፍሙን ቆሰቆሰች።

«አልተመለሰችም። እነሱ ግን በሕይወት አደሩ።»

አባቴ ሲመጣ ራህማ በሩ ላይ ጠብቃ አነጋገረችው። ምን እንዳለችው አልሰማሁም፤ አንገቱን ደፍቶ ሲያዳምጣት ግን አየሁ። በማግስቱ ትራሴ ሥር በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ ጥጥና አዲስ ሳሙና አገኘሁ። እኔና እሱ ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አንሥተን አናውቅም።

የሰሚራ ጊዜ ሲደርስ ወደ እኔ ነው የሮጠችው፤ አላለቀሰችም፣ እያፈረች ትስቅ ነበር። ራህማ ያኔ የለችም። አግብታ ከባሏ ጋር ፖርት ሱዳን ሄዳለች፤ መጀመሪያ ትደውል ነበር፣ ኋላ ስልኳም ጠፋ። ከዚያ በኋላ እናት የሌላት ልጅ ወደ ግቢያችን ስትገባ፣ እኔና ሰሚራ ሳንነጋገር መሐላችን ቦታ እንለቅላት ነበር።

ዛሬ የእናቴ ፊት ደብዝዞብኛል፤ ድምፅዋማ ከናካቴው የለም። ሲያመኝ ወይም ሲከፋኝ በልቤ «እማ» ብዬ እጣራለሁ፤ የሚመልስልኝ ግን በወሎ ለዛ የሚናገረው የራህማ ድምፅ ነው። ድሮ በዚህ እናቴ የምትቀየመኝ ይመስለኝ ነበር። አሁን የትኛዋን እንደናፈቅሁ ለመለየት አልሞክርም፤ ማንኛዋም ብትሆን፣ አቤት ካለችኝ ይበቃኛል።