በኤሌክትሪክ ባጃጅ የቀናሁበት ክረምት

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ክረምት መሆኑን አውቃለሁ፤ ጭቃው የጋሪዬን ጎማ እስከ ግማሽ ይውጠው ነበር። ግን ያለፈው ክረምት ነው ወይስ የዚያ ፊተኛው? ባለቤቴን ብጠይቃት ታውቀዋለች። ከጠየቅኳት ግን ሌላውንም ሁሉ ትነግረኛለች፤ ስለዚህ ልተወው። አዲሱ ክልል ከመጣ በኋላ ነው፣ አስፋልቱ ዳር ያሉት ሱቆች በረንዳቸው ተቆርጦ አንድ ዓይነት ቀለም ከተቀቡ በኋላ ነው። ይህ ይበቃል።

እኔ የሾኔ ከተማ ባለጋሪ ነኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ከዚያ ወዲህ ያስተማሩኝ ፈረሶች ናቸው። ጠባዬ የድሮ ነው፤ የተሞከረ ነገር እወዳለሁ። መንግሥት ሲለወጥ አይቻለሁ፣ ክልል ሲሰፋና ሲጠብ አይቻለሁ። ድሮ ጉዳይ ያለው ሰው አንድ ከተማ ሄዶ ይመለስ ነበር፤ አሁን ቢሮው በየከተማው ስለተከፋፈለ ጉዳይ ያለው ሁሉ አገር ይጎበኛል። አልተቃወምኩም። ዛፍ መትከልንም አልቃወምም። በየክረምቱ ኮፍያ ተሰጥቶን ኮረብታው ላይ እንወጣለን፣ እንተክላለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ እንወርዳለን። እኔን ቅር የሚለኝ መውረዱ ነው። በጋ ላይ ችግኙን ሊጎበኝ የሚወጣው ፍየል ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ኮፍያም አይጠይቅም።

አንድ ቀን ቀበሌ ለስብሰባ ተጠራን። ጫማው ንጹሕ፣ ንግግሩ ጨዋ የሆነ ወጣት ባለሙያ መጥቶ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጋሪ አስፋልት አይረግጥም አለ። ከተማችን ጽዱና አረንጓዴ ትሆናለች አለ። እጄን አወጣሁ።

«ልጄ፣ ፈረሴ የሚበላው ሣር ነው። ቀለሙ ምንድን ነው?»

ቤቱ ሳቀ። እሱም ሳቀ። «አባባ፣ የሚበላውማ አረንጓዴ ነው። ችግሩ የሚጥለው ነው።»

«የሚጥለውንማ የችግኝ ጣቢያው ሴቶች ትናንት መጥተው በቅርጫት ወሰዱት። ለችግኝ ጥሩ ነው አሉኝ።»

ጭብጨባ ሆነ። እኔም በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ በስብሰባ ላይ ተጨበጨበልኝ ብዬ ወንበሬ ላይ ተመቻቸሁ። የተመቸኝ ግን ትንፋሽ እስክስብ ድረስ ነው። ከውጭ አንድ ሕፃን «መጣ! መጣ!» ብሎ ጮኸ፤ ያጨበጨበልኝ ሕዝብ ተነስቶ ወደ በሩ ነጎደ። ብወጣ፣ የድሮ ጓደኛዬ አዲስ የኤሌክትሪክ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጧል። ሞተሩ ድምፅ የለው፣ ጭስ የለው። ባለሙያው ሳይቀር ገብቶ ተቀመጠና «እንግዲህ አረንጓዴ ማለት ይህ ነው!» አለ። ባጃጁ ሰማያዊ ነበር።

ይህ ጓደኛዬ ከእኔ ጋር አብሮ ጋሪ የጀመረ፣ አብሮኝ ያረጀ ሰው ነው። ልጁ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ አለው፤ ገንዘቡን የላከው እሱ ነው። የእኔ ልጆች አንዱ መምህር፣ አንዷ ነርስ ናቸው። ጨዋ ልጆች ናቸው፤ እግዚአብሔር ይባርካቸው። በመምህር ደመወዝ ግን የባጃጅ መስታወት እንኳ አይገዛም።

ቅናት የወጣት በሽታ ይመስለኝ ነበር፤ እንደ ኩፍኝ አንዴ ይዞ የሚለቅ። በሽበቴ ያዘኝ። ሰው ለእሱ ሰላምታ ሲሰጥ አንገቱን ስንት ጊዜ ዝቅ እንደሚያደርግ አያለሁ። ዝናብ ሲመጣ እሱ ጣሪያ ሥር ነው፣ እኔ ጎርፍ ሥር። ሣር አጭጄ ስመለስ አጠገቤ ቀስ ብሎ ይቆምና፣ «ወንድሜ፣ ዛሬ ነዳጅ ሞላህ?» ይለኛል። ሳቁ ክፋት የለውም። ክፋት ቢኖረው ይቀለኝ ነበር።

ከሁሉ የባሰው ባለቤቴ ናት። አንድ የገበያ ቀን ቆጮዋን ይዛ በእሱ ባጃጅ መጣች።

«በምን መጣሽ?» አልኳት፤ እያየሁ።

«በባጃጅ። አንተ አስፋልት አትሄድ! ወገቤን አያንገጫግጨኝም፤ እንደ ውኃ ነው የሚፈሰው።»

«መንገድ ላይ ምን ተነጋገራችሁ?»

«አንተ ሰውዬ! ስለ ጎመን ዋጋ!»

ስለ ጎመን ዋጋ ይህን ያህል ጊዜ ይወራል እንዴ፣ እያልኩ ያን ምሽት እራቴን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

አንድ ደስታ ብቻ ነበረኝ፤ የመብራት መጥፋት። መብራት ሲጠፋ ያ ባጃጅ ግቢው ውስጥ እንደታመመ በግ ይተኛል። ከተማው ሁሉ ሲያጉረመርም፣ ወፍጮ ቤቱ ሲቆም፣ እኔ ብቻዬን ተመስገን እላለሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ ወንድም «ጌታ ሆይ፣ መብራታችንን አስተካክልልን» ብሎ ሲጸልይ፣ አሜን ማለት አቃተኝ። ባለቤቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። አላልኩም።

አሁን ዋናውን ልናገር። ተሳፋሪ ሲጠፋብኝ የቀረችኝ አንዲት ሥራ ነበረች፤ የዕድራችን ዕቃ። ሰው ሲሞት ድንኳኑን፣ ቋሚውን፣ አግዳሚውንና ድስቱን ከዕድሩ ቤት ወደ ልቅሶው ቤት የምወስደው እኔ ነበርኩ። ጥሩምባው ሲነፋ ፈረሴ ጆሮውን ያቆማል። ሰው መንገድ ይለቅልናል። ለዚህ ሥራ አይከፈለኝም፤ ግን ባለጋሪ መሆኔ ለአንድ ነገር እንደሚጠቅም የማውቀው በእሷ ነበር። እሷም ከሄደች ፈረሱን የማስቀምጥበት ምክንያት የለኝም፤ አንድ የሀላባ ነጋዴ ልግዛው ብሎ ጠይቆኝ ሄዷል።

በዕድሩ ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ተነሳና፣ «ዕቃው ከእንግዲህ በባጃጅ ይሁን» አለ። «ዘመኑን እንከተል።»

«ዘመኑ የት እየሄደ ነው?» አልኩት።

«ወደፊት ነዋ!»

«ቋሚውስ? በባጃጅ መስኮት ሊወጣ ነው?»

አንዱ ይቆረጥ አለ፣ አንዱ ከጣሪያው ላይ ይታሰር አለ፣ አንዱ ኮሚቴ ይቋቋም አለ። እዚህ ላይ ነው ዕድራችን መንግሥት መምሰሉን ያየሁት። የዕድሩ ዳኛ በመጨረሻ፣ «ለሚቀጥለው ስብሰባ ይደር» አሉ። ጓደኛዬ በዚያ ሁሉ መሀል አንድ ቃል አልተናገረም። ዝምታውም አስቀናኝ፤ እኔ ለፍልፌ ነበርና።

ሳይውል ሳያድር ከአስፋልቱ ማዶ የምትኖር አንዲት ደግ አሮጊት ዐረፈች። ጥሩምባው በጠዋት ተነፋ። መብራት ከማታው ጀምሮ አልነበረም። እኔ፣ ይቅር ይበለኝ፣ ፈረሱን ስጠምድ እጄ በደስታ ይቀላጠፍ ነበር። አሁን ይመጣሉ፣ አሁን ይለምኑኛል ብዬ ደጄ ላይ ልጓሙን ይዤ ቆምኩ።

ማንም አልመጣም። ቆይቶ ድምፅ ሰማሁ፤ ጎረምሶቹ ቋሚውን በትከሻቸው ተሸክመው በደጄ ያልፋሉ። ከኋላቸው፣ ትልቁን ድስት ጀርባው ላይ አዝሎ፣ በላብ ተጠምቆ፣ ጓደኛዬ ይመጣል። በተጠመደው ጋሪ ላይ ዓይኑን ጣለ፣ በእኔም ላይ። ከዚያ አለፈ።

ባለቤቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች። «ምን ትጠብቃለህ? የሰርግ ጥሪ?»

«አልጠሩኝም።»

«አስፋልት መሻገር አለበት፤ ሊያስቀጡህ አልፈለጉም። ለዚህ ነው ያልጠሩህ።»

«እሱን ግን ጠርተውታል።»

«የሰርጋችን ቀን ዝናብ ዘነበ» አለች። «አንድ ሸራ ነበረህ። ለማን አለበስከው?»

«ለፈረሱ» አልኩ። «እንዳይበርደው ብዬ።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ጃንጥላ ነበረሽ።»

«የሚዜዬ ጃንጥላ! ከዚያ ቀን ጀምሮ በፈረሶችህ ስቀና ነው የኖርኩት። ሞትኩ? ድርቆሹንስ ማን አቀረበላቸው? እየቀናሁ አቀረብኩ። አንተም እየቀናህ ሂድ። ማን ቅናትህን ጨርሰህ ና አለህ?» ይህን ብላ ጋሪው ላይ ወጣች።

ደረስንባቸው። ቋሚውን፣ አግዳሚውን፣ ድስቱን ጫንን። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ደንብ አስከባሪው ልጅ እጁን ዘረጋ።

«አባባ፣ አይቻልም። ንጽሕናው...»

«ልቅሶ ነው ልጄ» አለች ባለቤቴ።

«አውቃለሁ እናቴ፣ እኔም የዕድሩ ልጅ ነኝ። ግን ቢጥልብኝ ተጠያቂው እኔ ነኝ።»

ያን ጊዜ ጓደኛዬ ወደ ጥጉ ሱቅ ሄዶ ባዶ ማዳበሪያ ለምኖ መጣ። ማንም ሳያዘው የማዳበሪያውን አፍ በሁለት እጁ ከፍቶ ከፈረሴ ጭራ ሥር ያዘው። «እሺ፣ ንዳ!» አለኝ። ደንብ አስከባሪው መኪናዎቹን አቆመ። የኤሌክትሪክ ባጃጅ ጌታ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ማዳበሪያ ዘርግቶ፣ በአስፋልቱ መሀል ፈረሴን ተከተለ።

«አንተ ከፊት፣ እኔ ከኋላ» አለኝ ከሥር። «አሁንስ ደስ አለህ?»

«ትንሽ» አልኩት። እውነቴን ነበር።

ፈረሱ እንደዚያን ዕለት ጨዋ ሆኖ አያውቅም፤ ምንም አልጣለም። ማዶ ጭቃው ላይ ስንወርድ ጓደኛዬ እፎይ ብሎ ማዳበሪያውን አጠፈ። ፈረሱም የሚጠብቀው ይህን ኖሯል፤ ጫማው ላይ ለቀቀው። ጓደኛዬ መጀመሪያ ጫማውን፣ ቀጥሎ እኔን አየ። ሳቃችን ሊያመልጠን ሲል፣ «ልቅሶ ቤት ደርሰናል፣ አፋችሁን ዝጉ!» አለች ባለቤቴ፤ እሷ ራሷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ ይርገፈገፋል።

በሚቀጥለው ስብሰባ ዕድሩ ለባጃጁ ወሰነ። እኔ መብራት ሲጠፋና ጭቃ ሲጸና እንድጠራ ተባለ፤ ጄኔሬተር ሆንኩ ማለት ነው። ደስ ብሎኝ አልተቀበልኩትም። ግን ሥራ ነው፤ የሀላባውን ነጋዴም አይሸጥም ብዬ መለስኩት። ባጃጁ በደጄ ድምፁን አጥፍቶ ሲያልፍ እስከ ዛሬ ያስቀናኛል። አልዋሽም። ቢሆንም ሣሬን አጭዳለሁ፣ ሲጠሩኝ እሄዳለሁ፤ ቅናት ይዞኝም መሄድ እንደሚቻል አውቄያለሁ። ይህን ያሳወቀችኝ፣ ያንን ክረምት እጄን ይዛ ያሻገረችኝ ሰው፣ ባለቤቴ ናት፤ የልጆቼ እናት።