ጥቂት የንዴቤሌ ቃላት

በደርግ ዘመን ናዝሬት ውስጥ እንግሊዝኛ ሳስተምር፣ ከሮዴዥያ ለወታደራዊ ሥልጠና ከመጡት ወጣቶች አንዱ ጎረቤቴ ሆነ። በልምምድ ላይ እግሩ ተሰብሮ ነበር። ጓደኞቹ ወደ ጦር ሜዳ ሲሄዱ፣ እሱ እስኪሻለው እኔ በተከራየሁበት ግቢ አንዲት ክፍል ተሰጠው። የምንግባባው በእንግሊዝኛ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ለእግሩ ሶደሬ ፍል ውሃ እወስደዋለሁ፤ እሱ ቋንቋውን ያስተምረኛል።

ንዴቤሌ የዙሉ የቅርብ ዘመድ ነው። ተናጋሪዎቹ በቅድመ አያቶቻቸው ዘመን ከደቡብ ተነሥተው ወደ ሰሜን ሄደው የሰፈሩ ናቸው። እኛ ብዙ ቁጥርን በቃሉ መጨረሻ ስናመለክት እነሱ መጀመሪያውን ይለውጣሉ፤ ሰው «ኡሙንቱ»፣ ሰዎች «አባንቱ»። ውሃ «አማንዚ»፣ እናቴ «ኡማማ» ነው። አንዳንዱ ድምፅ ደግሞ ምላስን ከፊት ጥርስ አጣብቆ በመንጠቅ ይወጣል፣ እኛ አዝነን ከንፈር እንደምንመጠው። ይህን ለተማሪዎቼ ሳሳይ ከኋላ አንዱ «ቲቸር፣ ማን ሞተ?» አለና ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

ስነግረው እሱም ሳቀ። «ቶሎ ልመድ» አለኝ፤ «እዚህ በቋንቋዬ የማወራው በሕልሜ ብቻ ነው።»

ክረምቱ እንደወጣ ወባ ይዞት ሆስፒታል ገባ። ትኩሳቱ ጭንቅላቱ ላይ ሲወጣ እንግሊዝኛው ሁሉ ጠፋው። የሆስፒታሉ ሲስተር ሰው ልካ ከትምህርት ቤት አስጠራችኝ።

«መምህር፣ ቋንቋውን ያውቃሉ ብለውኛል። ከጠዋት ጀምሮ የሚለን ነገር አለ።»

ሲያየኝ ክንዴን ጨብጦ ብዙ ተናገረ። ቅዠት አልነበረም። ይጠይቀኛል፣ መልስ ይጠብቃል፣ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

«ምን አለ?»

«እናቴ አለ።»

«ሌላስ?»

«ውሃ... መሰለኝ።»

«ውሃማ እየሰጠነው ነው። እናቱን የማይጠራ በሽተኛም አላየሁ። ሌላውን ይንገሩኝ እንጂ!»

ሌላው አልነበረኝም። የብዙ ቁጥሩን አሠራር አውቃለሁ፤ ሕዝቡ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ዝም ማለት ቢከብደኝ የማውቀውን ሰላምታ ሰጠሁት፤ «ሳሊቦናኒ።»

ዓይኑ በራ። የገባኝ መስሎት ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ ምስጢር እንደሚያካፍል ሰው፣ ያለ የሌለውን ነገረኝ። ሲጨርስ ክንዴን ለቀቀ። በማግስቱ አረፈ።

ከወራት በኋላ ከጓደኞቹ አንዱ መቃብሩን ሊያይ መጣ። በእንግሊዝኛ «አብረኸው ነበርክ አሉ። ለእናቱ ምን ልበላት?» ሲል ጠየቀኝ።

ትርጉሙ ባይገባኝም ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ የቀረ መስሎኝ ነበር። እንደሰማሁት አድርጌ ልደግመው ሞከርኩ። አጎንብሶ አዳመጠኝ።

«እንደገና በለው።»

ደግሜ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

«ይህ ቃል አይደለም፣ ወንድሜ» አለኝ።