ልብስ የለበሰው መጋዝ

አጎቴ አዲስ ዕቃ ከገዛ በኋላ ዋናው ሥራው ዕቃው አሮጌ እንዳይሆን መጠበቅ ነው። የቴሌቪዥኑ ሪሞት እስከ ዛሬ ከነፌስታሉ ስለሆነ ቁልፎቹን የምንጫነው በግምት ነው። ፍሪጁ ከፋብሪካ ለብሶት የመጣው ላስቲክ ዳር ዳሩ ተልጦ ተንጠልጥሏል፤ መንቀል ግን ክልክል ነው። የሳሎኑ ሶፋዎችም ከሱቅ ሲወጡ በለበሱት ወፍራም ላስቲክ ውስጥ ናቸው፤ ስንቀመጥ ይንጫጫሉ፣ ስንነሳ ከጭናችን ጋር ተጣብቀው አብረውን ይነሳሉ። ሚስቱ አክስቴ የገዛ ሶፋዋን ጨርቅ አንድ ቀን እንኳ በእጇ ሳትነካው አረፈች። ይህን ባስታወስኩ ቁጥር እናደዳለሁ።

የምንኖረው ከሐይቁ በላይ፣ ታቦር በሚባለው ሰፈር ነው፤ ግቢያችን ተዳፋት ላይ ነው። ከአጥሩ ሥር የበቀለ ትልቅ ግራቪሊያ ነበረን። ዛፉ ቁልቁል ወደ ጎረቤታችን ቆርቆሮ ቤት አዘንብሏል። ጎረቤታችን ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ እማማ እንላቸዋለን። ከሐይቁ በኩል ነፋስ በተነሳ ቁጥር ከቤታቸው ወጥተው ቅርንጫፎቹን ሽቅብ እያዩ ይጸልዩ ነበር። ክረምት ሳይገባ ቁረጥልኝ ብለው አጎቴን ለመኑት። ዛፍ ቆራጮች ቢጠራ በአንድ ጠዋት ያበቃ ነበር። እሱ ግን ቆራጭ ያበላሻል ብሎ ሞተር መጋዝ ገዛ።

መጋዙ ከካርቶኑ እንደወጣ በቀጥታ የተወሰደው መሃል ከተማ፣ የባጃጅ ወንበር ልብስ ወደሚሰፋ ሰው ነው። ሲመለስ ጥቁር ሌዘር ለብሶ፣ ዳር ዳሩ በቀይ ክር ተዘምዝሞ መጣ። አጎቴ አስተዋይ ሰው ስለሆነ ለእጀታው፣ ለማስነሻው ገመድና ለጭስ ማውጫው ቀዳዳ አስወጥቶለታል። ልብስ ሰፊው ደግሞ ከባጃጅ ሥራ የተረፈች ቀይ የልብ ቅርጽ ጎኑ ላይ ሰፍቶ መርቆለታል። ብዙ የሰርግ መኪና እንደዚህ አምሮ አያውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት አጎቴ ጥቁር መነጽሩን አድርጎ ዛፉን ጀመረው። መጋዙ መጀመሪያ ላይ ሰፈሩን አናወጠው። አጎቴ ግንዱን በእኛ በኩል ጎርዶ፣ ዞሮ ከጀርባው መቁረጥ ሲጀምር ግን ሞተሩ ጋለ፤ ሳለ፣ ደከመና ጠፋ። ቀዝቀዝ ሲል ተነሳ፤ ትንሽ ቆርጦ እንደገና ጠፋ። ከሰዓት በኋላ ግራቪሊያው ግንዱ እስከ ግማሽ ተበልቶ፣ እንደ ድሮው ወደ እማማ ጣሪያ አዘንብሎ ቆሞ ነበር። እንዳይወድቅ ከቅርንጫፉ በግቢያችን ላይኛው ጫፍ እስካለው የበር ብረት ድረስ ገመድ ወጠርንበት። ያን ጊዜ የተጠሩት ቆራጮች ደግሞ ሌላ ሰው ያቆሰለውን ዛፍ አንነካም ብለው ሄዱ።

ከዚያ የመጋዙ ሐኪሞች መጡ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ጥፋቱ የቤንዚኑ ነው፣ በውሃ ፕላስቲክ የሚሸጠው ሁሉ ነጭ ጋዝ የተደባለቀበት ነው አለ። ታንኩ ተደፋ፣ ቤንዚንና ዘይት እንደ አዲስ ተደባለቀ፣ መጋዙ ተነሳ። ሹፌሩ ደረቱን ነፋ። ወዲያው ጠፋ። የቤተ ክርስቲያን ጄኔሬተር የሚጠግን ሌላ ጎረቤት ካንዴላው ነው ብሎ ቀየረው፤ ተነሳ፣ ጠፋ። ከዚያ ካርቡራተሩ ነው ብሎ ፈታው፤ ከገጠመው በኋላም ተነሳ፣ ጠፋ። ሁሉም ሲነካካው ሞተሩ ይቀዘቅዝ ስለነበር ሁሉም ሐኪም ለጥቂት ደቂቃ ትክክል ነበር። ማንም ግን ያን ሌዘር አልነካም፤ አጎቴ ከጎን ቆሞ እጃችሁን ጥረጉ ይል ነበር።

እማማ በዚያ ዛፍ ሥር ሊተኙ ስለማይችሉ ብርድ ልብሳቸውን ይዘው እኛ ሳሎን ገቡ። ሶፋው ላይ ያድሩ ጀመር። በየጠዋቱ አጎቴ ደህና አደሩ ከማለቱ በፊት ላስቲኩን በዓይኑ ይመረምር ነበር። ሴትዮዋ ከቤታቸው የተፈናቀሉት በእሱ መጋዝ ምክንያት መሆኑ ትዝ ያለው አይመስልም።

ከእነዚያ ጠዋቶች በአንዱ ሻይ ሳቀርብላቸው ነጠላቸው በላብ ርሶ ጀርባቸው ላይ ተለጥፎ ነበር።

«ልጄ፣ አጎትሽ ይህን ሶፋ ለምን አፈነው?» አሉኝ። «እኔም አብሬው ታፍኜ ነው የማድረው።»

ብርጭቆውን አስቀምጬ በረንዳ ወጣሁ። መጋዙ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ ከነሌዘሩ። በማስነሻው ገመድ በኩል ጣቴን ከልብሱ ሥር አስገባሁ። ልክ ከቀይዋ ልብ ሥር ሞተሩ አየር የሚስብባቸው ቀዳዳዎች ተደርድረዋል፤ ሁሉም ተከድነዋል። ሰፈሩ በሙሉ ቤንዚኑንና ካንዴላውን ሲወነጅል የከረመው ይህ ምስኪን መጋዝ ካፖርት ለብሶ፣ እየታፈነ ስለሚሠራ ነው።

ለአጎቴ ነገርኩት። ማሽን ሰው አይደለም፣ አይተነፍስም አለኝ። ይተነፍሳል አልኩት። ልብሱ ከወጣ ይጫጫራል አለኝ። ዛፉስ አልኩት፤ ዛፉ በገመድ ታስሯል አለኝ። በዚህ ጊዜ ደሜ ፈላ።

«እሺ ጋሼ፣ እንግዲያው እማማ ክረምቱን እዚሁ ሶፋው ላይ ይከርማሉ» አልኩት። «ላስቲኩ እኮ ከትከሻቸው በኩል መሰንጠቅ ጀምሯል።»

ሮጦ ገብቶ አየው። ተሰንጥቋል። ከሁለት ልጆቹ አንዱን እንዲመርጥ የተፈረደበት አባት መሰለ፤ ሶፋውን አየ፣ በበሩ በኩል መጋዙን አየ። በመጨረሻ ምላጭ አመጣና ቀዩን ክር በገዛ እጁ አንድ በአንድ በጠሰው። ሌዘሩን አጥፎ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጠ።

መጋዙ ራቁቱን ተነሳና ሳይጠፋ ቀጠለ። የባጃጁ ሹፌርና ጄኔሬተር ጠጋኙ ከሌሎች ጎረቤቶች ጋር ሆነው ገመዱን ወደ ላይ ወደ እኛ ግቢ ጎተቱ። እማማ መንገድ ላይ ቆመው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ግራቪሊያው ተንቋቋ፣ ዘመመና ወደ እኛ ወደቀ። እንሰታችንን ደመሰሰው። የእማማ ቆርቆሮ ላይ ግን ቅጠል እንኳ አላረፈም።

እማማ ዓይናቸውን ገልጠው ቤታቸውን አዩት። እያለቀሱ ወደ አጎቴ መጡ። ያን ሁሉ ቀን የተናደድኩበትን ሰው ሲመርቁት እኔም እንባዬ መጣ።

«ጌታ ይመስገን» አሉ። «ምንም የተጎዳ ነገር የለም።»

አጎቴ መጋዙን ጭኑ ላይ አጋድሞ በምራቁ ባረጠበው አውራ ጣቱ ጎኑን እያሸ ነበር። ቀና አላለም።

«እማማ፣ ይቺን ጭረት አላዩዋትም እንዴ?» አላቸው።