ሁለት ጊዜ የመታሁት ቆርቆሮ

ክፍሉ ቀድሞ የሽንኩርት መጋዘን ነበር አሉ። ሽታው ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ አሥራ ስምንት ሰው ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔ ያየሁት ግን የቆርቆሮውን ጣሪያ ነው። «እዚህ ውስጥ ድራም ቢመታ ጆሮ አይተርፍም» ብዬ አሰብኩ። ሰው በታሰረበት ቀን የሚያስበው ነገር ይገርማል።

ሁሉም ኦቦ እያለ የሚጠራቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ የመኝታ ቦታ የሚያከፋፍሉት እሳቸው ናቸው። ብርድ ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ።

«አካም ጅርታ፣ ልጄ? ሥራህ ምንድን ነው?»

«ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ፣ ኦቦ።»

«ዘፋኝ ነህ በለኛ!»

«አይደለሁም። ዘፋኙ እንዳይወድቅ ከሥር የምደግፈው ነኝ።»

«ታዲያ አሁን እሱን ማን እየደገፈው ነው?»

«እሱም ሌላ ክፍል ታስሯል» አልኳቸው። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

የባንዳችንን ልጆች ስም አልጽፍም፤ በየመጡበት ልጥራቸው። ድራም የሚመታው የቡራዩ ልጅ ነው፣ ድምፃዊው የሱሉልታ፣ ኪቦርድ የሚጫወተው የሰበታ። እኔ የፉሪ ነኝ፤ የምንለማመደውም እዚያው ፉሪ፣ አክስቴ ግቢ ውስጥ ባለች የብሎኬት ክፍል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። የሱሉልታው ሦስት ታክሲ ቀይሮ ስለሚመጣ ያረፍዳል፤ ማርፈዱን ደግሞ በቀልድ ይሸፍናል። ኦሮምኛ ዘፈን ስንለማመድ ቃሉን አንድ በአንድ የሚያስረዳኝ የሰበታው ነው።

የሰበታው ዓይነ ስውር ነው። መጀመሪያ አካባቢ ሁልጊዜ ወይ ቀድሞን ወይ ዘግይቶ ይገባ ነበር። አንድ ቀን የቡራዩው ዱላውን ወረወረና «በቃ ሰለቸኝ! ምልክት እየሰጠሁት እኮ ነው!» አለ። ምልክቱ ምን መሰላችሁ? አንገቱን መነቅነቅ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ለዓይነ ስውር ሰው አንገታችንን ስንነቀንቅ ከርመናል። የሰበታው ይህን ሲሰማ ከወንበሩ ሊወድቅ እስኪደርስ ሳቀ።

«እኔማ ድንገት ጭጭ ስትሉ፣ እነዚህ ሰዎች ጸሎት ያደርጋሉ እንዴ እል ነበር!»

ከዚያ ቀን ወዲህ የራሳችን ሕግ ወጣ። ለመጀመር አራታችንም በአፍንጫችን አየር ሳብ እናደርጋለን፤ የሰበታውም ትንፋሻችንን ሰምቶ አብሮን ይገባል። መሃል ላይ «ቆይ፣ አትግባ» ለማለት እኔ የጊታሬን እንጨት ሁለት ጊዜ እመታለሁ፤ አንድ ጊዜ ከመታሁ «ግባ» ማለት ነው። ትንሽ ቆይቶ ሕጉን ለሌላ ነገር ሁሉ እንጠቀምበት ጀመር። ምሳ እየበላን አንዱ ወሬ ሲያበዛ ጠረጴዛው ሁለት ጊዜ ይመታል። ሠርግ ቤቶችም እየፈለጉን መጡ።

ከዚያ የሰበታው አንድ ግጥም ጻፈ። ገፈርሳ ግድቡ አጠገብ እየኖሩ ውሃ ለመቅዳት ጀሪካን ይዘው ስለሚሰለፉ እናቶች ነበር። ቡራዩ አንድ ሠርግ ላይ ተጫወትነው፤ ሰው በስልኩ ቀረጸውና ከእጃችን ወጣ። ፖሊሶች የመጡብን ቅዳሜ ያንኑ ዘፈን ልንጀምር አየር ስበን ነበር። በሩ ተበረገደ። ሦስታችንን ጊታሬን ጨምረው ጫኑን። የሰበታውን ግን አንዱ ከእግር እስከ ራሱ አየውና «እሱን ተዉት፤ ምስኪን፣ ምን ያውቃል» አለ።

መርማሪው የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ግጥሙን ማን ጻፈው? «እኔ» አልኩት። «ከጀርባህስ ማን አለ?» ሲለኝ «ድራም» ልለው ቃጥቶኝ ነበር። ተውኩት፤ የሚስቅ ሰው አይመስልም።

ሐሙስ የጠያቂ ቀን ነው። ጠያቂ ከገመዱ ወዲያ፣ እኛ ከቆርቆሮው አጥር ወዲህ፣ መሃል ላይ ጠባቂ። ሁሉም በአንዴ ይጮኻል። በሁለተኛው ሐሙስ የሰበታው በእህቴ ክንድ ተደግፎ መጣ። ከስቷል። ደረቱ ላይ አንድ ሹራብ አቅፏል።

«የት ነህ?»

«እዚህ ነኝ!»

ፊቱን ወደ ድምፄ አዞረ። «እኔ አልቻልኩም» አለ። «ዛሬ ለእነሱ ልነግራቸው ነው የመጣሁት። ያ ግጥም እኮ...»

ጠባቂው ወደ እኛ ዘወር አለ። «አትናገር» ብዬ ብጮህ፣ የሚናገረው ነገር እንዳለ ማስታወቄ ነው። እጄ ቀደመኝና ቆርቆሮውን በጣቴ መገጣጠሚያ ሁለት ጊዜ መታሁት።

አፉን እንደከፈተ ቀረ። ጠባቂው «ምንድን ነው የሚያንኳኳው?» ሲል ኦቦ ከጎኔ ቆመው «ተወው ልጄ፣ የዚህ ልጅ እጁ አያርፍም» አሉት። የሰበታው ሹራቡን ደረቱ ላይ ጠበቅ አደረገ። እንደማይታዘዘኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «ሹራብ አምጥቼልሃለሁ።»

ክፍል ስንመለስ ኦቦ «ምን አልከው?» አሉኝ።

«ቆይ አልኩት።»

ሹራቡን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና «ልበሰው፣ ይበርዳል» አሉ። ለበስኩት። የፉሪዋ ክፍል ሽታ ነበረበት፤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ።

የቡራዩውና የሱሉልታው በወሩ ተፈቱ። እኔ ሰባት ወር ቆየሁ። በወጣሁ በሦስተኛው ቀን የሰበታው ልጅ ቤት ሄድኩ። ኪቦርዱ አንሶላ ተጥሎበት ጥግ ላይ ቆሟል።

«ሰባት ወር ሙሉ አልነካኸውም?»

«ቆይ ብለኸኝ እንዴት ልግባ?»

ጊታሬ ኤግዚቢት ተብሎ እንደተያዘ ነው። ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ መታሁለት። እየተደናበረ ሄዶ አንሶላውን ገፈፈ።

ዛሬ የቡራዩው ሚኒባስ ይነዳል፣ የሱሉልታው ሱቅ ከፍቷል። በስልክ «አንድ ቀን እንገናኝ» እንባባላለን፤ ፈርተው ይሁን ደክሟቸው አልጠይቅም። እኔ በውሰት ጊታር ቅዳሜ ቅዳሜ ሰበታ እሄዳለሁ። ያንን ዘፈን ልንጀምር ስንል ሁለታችንም አየር እንስባለን። እሱ ግን ወዲያው አይገባም፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ትንሽ ያዳምጣል። የእነዚያን የሁለቱን ትንፋሽ እየጠበቀ ነው። እኔም አንድ ጊዜ መትቼ «ግባ» ልለው እችላለሁ፤ አልመታም፣ አብሬው አዳምጣለሁ።