የመጨረሻው ስም

ማንጠግቦሽ ዘውዴ በማለዳ ካሳራኒ ሰፈር ካለው ቤቷ ስትወጣ ባሏ ዮአብ ተኝቶ ነው። መሃል ከተማ ምግብ ቤት የማታ ተረኛ ስለሆነ፣ ስትመለስ ደግሞ የለም። እሷ ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ታክሲ ሁለት ቀይራ፣ ወገቧ እስኪቆረጥ ተቀምጣ ጊጊሪ ትደርሳለች። እዚያ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የስደተኞችን ስም ዝርዝር ስታጠራ ስድስት ዓመቷ ነው።

ፈረንጁ አለቃዋ ሰሞኑን፣ "በፓይተን የኮምፒውተር ቋንቋ ትእዛዝ ጻፊ፤ ኮምፒውተሩ ከየስሙ የመጨረሻውን ቃል ይልቀም። የመጨረሻ ቃላቸው አንድ የሆነ ሰዎች አንድ ቤተሰብ ተብለው ይመዝገቡ" አላት።

"የእኛ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም። ሁለተኛው የአባት ስም ነው፤ ሚስትም የባሏን አትይዝም" አለችው። ሁለት ጊዜ አስረዳችው፤ ሁለቴም "ግድ የለም፣ እንሞክረው" አላት። ሦስተኛ ጊዜ ማስረዳት ከቲካ መንገድ የመኪና መጨናነቅ ይብሳል። እንዳለው ጻፈችው፤ አንድ መስመር ነው።

ለሙከራ የራሷን ቤት አስገባች፦ ማንጠግቦሽ ዘውዴ፣ ዮአብ ሐብተማርያም፣ ሐሊና ዮአብ። ኮምፒውተሩ ሦስት ቤተሰብ አድርጎ አወጣቸው፤ እናት ለብቻ፣ አባት ለብቻ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጃቸውም ለብቻዋ። ማብራሪያ መጻፍ ታከታትና "ይኸውልህ የእኔ ቤት" ብላ ብቻ ውጤቱን ለአለቃዋ ላከችለት።

መልሱ ወዲያው መጣ፦ "በጣም አዝናለሁ፤ ከባልሽ መለያየታችሁን አልሰማሁም ነበር።"

"ኧረ አልተለያየንም" ብላ መጻፍ ጀመረችና ጣቷ ቆመ። ዮአብን ለመጨረሻ ጊዜ ነቅቶ ያየችው እሁድ ነበር። ዛሬ ሐሙስ ነው።